ኳ ያላለው መዶሻ

ለሰፊው ሕዝብ፣ ለወዛደሩ፣ ለምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች፣ ቆርቆሮውን ለሚሰርቁትም ጭምር ይታወቅ! ከተጣለ በርሜል የከሰል ምድጃ የሚሠራው፣ ቁመቱም ከምድጃው እምብዛም የማይበልጠው ዘውገ፣ ከታሪክ ጋር ፊት ለፊት ተጋጥሟል።

ዘውገ ከእምድብር የመጣ ካቶሊክ ነው። ቁጭ ማለት አያውቅም። መዶሻ ካልያዘ ጉልበቱን ይደበድባል፤ ቆሞ ይበላል፤ ሲጸልይ እንኳ ይንጎራደዳል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ እጁን ይሰበስባል፦ ሚያዝያ 23፣ በሠራተኛው ቅዱስ ዮሴፍ በዓል። በዋዜማው መዶሻውን አጥቦ፣ ከሸማ ተራ በገዛት ነጠላ ጠቅልሎ ከቅዱሱ ሥዕል ሥር ያኖረዋል። ከቅዳሴ መልስ ለአገሩ ልጆች ማቴዎስን ገልጦ «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» የሚለውን ያነብና ያብራራል። ማብራሪያው ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ዮሴፍ በወንጌሉ ሁሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ታዘዘ፣ ሠራ፣ ዝም አለ። እናንተም ዝም በሉ!» ይህችን ለማለት እስኪደክማቸው ይለፈልፍባቸዋል።

ጣጣው፣ ሚያዝያ 23 የላብ አደሮችም ቀን ነው። በ1971፣ በዚሁ ቀን ማለዳ፣ የቀበሌው ካድሬ ጓድ በሪሁን ትእዛዝ ይዞ መጣ፦ ቀጥቃጮች ካሚዮን ላይ ሆነው፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ በአብዮት አደባባይ በክብር ትሪቡኑ ፊት ያልፋሉ። ሠራተኛው እንዲከበር ሠራተኛው የውሸት ይሥራ!

በሪሁን ነጠላውን አየና፣ «ምንድን ነው ይኼ? መዶሻህን ገነዝከው?» አለ።

«በዓሌ ነው፣ ጓድ። ዛሬ አልመታም።»

«ያልመታ ሱቁን ለሚመታ ያስረክባል።»

ጎረቤቱ ጠሃ፣ የወሎው ቆርቆሮ ቆራጭ፣ ሹክ አለው፦ «አንተ ሰውዬ፣ አንዴ ኳ አድርጋትና ውረድ። ዮሴፍህም ልጅ አሳዳጊ ነበር፤ ይገባዋል።»

ዘውገን ከነጥቅሉ የጫነው ካሚዮን ትሪቡኑ ፊት ደረሰ። ሁሉም ይቀጠቅጣል። ዘውገ መዶሻውን ከነነጠላው ወደ ላይ አነሳና እንዳነሳው ቀረ። ያነሳው ለዮሴፍ ነበር። ትሪቡኑ ግን አብዮታዊ ሰላምታ መሰለውና በጭብጨባ ቀለጠ!

እሑድ በቀበሌው ስብሰባ፣ ሹመት የሸተተው በሪሁን ዘውገን «አርአያ ወዛደር» ብሎ አስነሳው። «ያን መዶሻ ያነሳኸው ለአብዮቱ ነው፤ አይደለም እንዴ፣ ጓድ?»

ለዮሴፍ ነው ቢል ሱቁ ሄደ። ዘውገ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጉልበቱን ደበደበ። ዝም አለ። ተጨበጨበ። ሱቁ ተረፈ።

ሲወጡ ጠሃ፣ «የዮሴፍ ትምህርት ለካ ለዚህ ነው!» ቢለው ሊማታ ተነሳ።

በዓመቱ፣ በዮሴፍ ቀን፣ የአገሩ ልጆች ተሰበሰቡ። ሚስቱ ሙሉነሽ ማቴዎስን ገልጣ ሰጠችው። የጸራቢውን ልጅ አነበበ። ማብራሪያው ላይ ሲደርስ መጽሐፉን እጇ ላይ ጥሎ ወጣና እስከ ጭድ ተራ ሲመላለስ ዋለ። ዛሬም ይመላለሳል። መዶሻ እያለው ጉልበቱን ይደበድባል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ያጨበጨቡለት ሊጠይቁት አፍ የላቸውም። ወደ ምን አለሽ ተራ ጎራ ካልክ፣ ያ መዶሻ ለማን እንደተነሳ አንተ ጠይቅልን። ከመጠየቅህ በፊት ግን፣ አንተ ራስህ ባለፈው ስብሰባ ያጨበጨብከው ለማን እንደነበር፣ እስቲ መጀመሪያ...