አያቴ ቆላ ያደሩበት ማታ

ልጅ ሳለሁ ከአያቴ አፍ ተረት መስማት እንደ ሰማይ ርቆኝ የቆየው በሁለት ምክንያት ነበር፤ አንዱ የአያቴ ሕግ፣ ሌላው ቢምቢ።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ደጋው ጨንቻ የሚኖሩ ሸማኔ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሸመኑትን ጋቢ ይዘው ወደ አርባ ምንጭ ገበያ ይወርዱና ምሳቸውን እኛ ቤት ይበላሉ። ከጨንቻ የሚመጡት የአክስቴ ልጆች «አባባ ማታ ማታ የሚነግሩን ተረት» እያሉ ስለሚያስጎመጁኝ፣ ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ ልመናዬን እጀምራለሁ። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ተረት በቀን አይወራም፤ በቀን ያወራ ከብቱ ይጠፋበታል።» ማታ ደግሞ አይገኙም። ያኔ የደጋ ሽማግሌዎች ቆላ ማደርን እንደ ሞት ይፈሩት ነበር፤ ወባ አለ። ፀሐይ ዘንበል ስትል አያቴ ባርኔጣቸውን ያነሱና ወደ መናኸሪያ ይሄዳሉ። እናቴ ሸኝታቸው ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነው። «የልጃቸውን ቤት የሚያውቁት ለምሳ ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ሆቴል» ስትል ለአባቴ ሰምቻታለሁ። ካገባች ጀምሮ አንድም ሌሊት ቤቷ አላደሩም።

ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ኑሯችን በረንዳው ላይ ነበር፤ የምንበላበት፣ የምናጠናበት፣ ሙቀቱ ሲብስ የምንተኛበት፣ በሦስት ጎኑ እስከ ወገብ የሚደርስ ቀርከሃ ብቻ ያለው በረንዳ። አመሻሽ ላይ ከአባያ ሐይቅ በኩል ነፋስ ሲመጣ የሚበር ነገር ሁሉ አብሮት ይገባል።

እኔም ቢምቢ ከጠፋች አያቴ ያድራሉ፣ አያቴ ካደሩ ተረት አለ ብዬ ምርምር ጀመርኩ። መጀመሪያ ፋኖሱን ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ላይ ሰቀልኩት። የእሳት እራቱ ሁሉ ተግተልትሎ ወደዚያ ሄደ፤ ቢምቢ ግን በጨለማው እግራችን ስር ቀረች። ለምን ብርሃን እንደማትወድ አባቴን ብጠይቀው «እሷ የምትፈልገው አንቺን ነዋ!» ብሎ አሾፈብኝ። ቀጥሎ የኒም ቅጠል ፍም ላይ አጨስኩ። ጭሱ እውነትም ቢምቢዎቹን አስወጣ፤ እኛንም እያስለቀሰ አስወጣን፣ ጎረቤታችንም ቤቱ የተቃጠለ መስሎት ባልዲ ውሃ ይዞ መጣ።

እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በማግስቱ አሮጌ አጎበሮቻችንን አወጣችና አንድ ትልቅ መጋረጃ ልንሰፋ ተቀመጥን፤ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ ወለሉ የሚወርድ፣ ነፋስ እንዳያነሳው ጫፉ ላይ አሸዋ የቋጠርንበት። የምትሰፋው ለኔ ተረት ብላ እንዳልሆነ ያኔም ገብቶኝ ነበር።

ቅዳሜ አያቴ ባርኔጣቸውን ሲያነሱ እናቴ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ጠቅልለን የሰቀልነውን መጋረጃ ለቀቀችው። ጨርቅ አይተው የማያልፉ ሰው ናቸውና ቆመው ዳሰሱት፣ ወደ ፀሐይም አንስተው አዩት።

«ድሩ የቱ ነው፣ ማጉስ የቱ ነው? ማን ነው እንዲህ የሠራው?»

«ማሽን ነው አባባ» አልኳቸው።

«ማሽኑስ ጎበዝ ነው። ስፌቱን ማን ሰፋው?»

እናቴና እኔ ተያየን። አያቴ ጣታቸውን በስፌቱ መሃል አሾለኩ። «በዚህ እንኳን ቢምቢ ዶሮም ትገባለች! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በይ መርፌ አምጪ!»

ስፌታችንን ፈትተው እንደገና ይሰፉ ጀመር። እኔ ክር እያቀበልኩ ጥላው ሲረዝም አያለሁ፤ እናቴ ስለ ሰዓት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አያቴ ጨርሰው ቀና ሲሉ የመጨረሻው ሚኒባስ ሄዷል። መንገዱን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ከዚያም ስፌታቸውን አዩ። «እንግዲህ የገዛ ሥራዬን ካላመንኩ ምኑን ሸማኔ ሆንኩ?» ብለው ተቀመጡ።

ሲመሽ ፋኖሱን ይዘን መጋረጃው ውስጥ ተሰበሰብን። ከውጭ ያ ቀጭን የቢምቢ ድምፅ ተነሳ። አንዷ መረቡ ላይ አርፋ ስለነበር አያቴ ፋኖሱን አንስተው አፍንጫቸው ሊነካት እስኪደርስ ቀረቡ።

«ይህቺ ናት?»

«እሷ ናት» አልኩ፣ እንደ አዋቂ ኮራ ብዬ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈሯት ኖረው አንድ ቀን እንኳ አይተዋት አያውቁም ነበር።

«ታናሽ ወንድሜ ጥጥ ለቀማ ወርዶ የሞተው በዚህች ነው?»

ኩራቴ ጠፍቶ እጃቸውን ያዝኩ። ፋኖሱን አስቀመጡና በጋሞኛ ተረታቸውን ጀመሩ።

ተረቱ ሰርግ ስለተጠራ ነብር ነበር። ዛሬ የራሴን ልጆች ሰብስቤ ልነግራቸው ስሞክር መሃሉ ይጠፋብኛል፤ ነብሩ ከሰርጉ እንዴት እንደወጣ ሁልጊዜ አዲስ ነገር እፈጥራለሁ። ምንም ሳይደበዝዝ የቀረልኝ ተረቱ ካለቀ በኋላ የሆነው ነው። አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ፤ እናቴ ግን ፋኖሱን ሳታጠፋ ተቀምጣ ታያቸዋለች።

«ተኚ እንጂ ልጄ፤ የትም አልሄድም» አሏት።

ሁላችንንም አስተኝታ መጨረሻ የምትተኛው እናቴ፣ እንደ ትንሽ ልጅ «እሺ» ብላ እግራቸው ስር ተኛች።