ደህና ነኝ ባዩ ማሽን

የቡራዩዋ ዱርሲቱ ሞባይል ጠጋኝ ናት ቢሏችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑ። መጠገኑን ትጠግናለች፤ እንጀራዋ ነው። ልቧ ያለው ግን የክብሪት ቀፎ በምታክል ኮምፒውተር ላይ ነው። ከሱቋ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ ግትርነቷን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱን አንዴ ሲያዘጋ አንዴ ሲያስከፍት፣ ገበሬው አባቷ ኦቦ ቀጄላ መታመም ጀመሩ። ፕላኑ ይወስደዋል የተባለው መሬት የእሳቸውም ነበር። ልባቸው በድንገት ይዘላል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ግን ልባቸው ሰላም ነው። ዶክተሩ እንዴት እንደሆኑ ሲጠይቃቸው ደግሞ እንደ አገራችን ሽማግሌ ሁሉ ፈጣሪን አመስግነው “ገለታ ዋቃ፣ ደህና ነኝ” ይላሉ። በመጨረሻ ዶክተሩ ሕመሙ በመጣበት ሰዓት የልባቸው ምት ተቀርጾ ካልተገኘ መድኃኒት ማዘዝ እንደሚቸግረው ለዱርሲቱ ነገራት።

እቀርጸዋለሁ አለች። ደረት ላይ የሚለጠፍ ሽቦ ከመርካቶ ገዝታ ከትንሿ ኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው። ስክሪኑ ላይ የወጣው መስመር ግን የልብ ምት ሳይሆን መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር፤ የቤቱ መብራት መስመር እንኳ እየገባ ይረብሸዋል። ስለዚህ ፊልተር ጻፈች፤ የማይፈለገውን እንደ ወንፊት የሚያስቀር የሂሳብ ትእዛዝ ነው። ምቶቹን እርስ በርስ እያመዛዘነ አማካያቸውን እንዲስል አደረገችው። መስመሩ ጥልፍ የመሰለ ሆነ፤ በኩራት ጠርታ አሳየችኝ።

አንድ ቅዳሜ ኦቦ ቀጄላ ሽቦው ተለጥፎላቸው ሱቋ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ወጣቶች እየጮኹ በደጅ አለፉ፤ ቀጥሎ ተኩስ ተሰማ። ሽማግሌው ደረታቸውን ያዙ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኛ ወደ ስክሪኑ ዞርን። ያ ቆንጆ መስመር ምንም እንዳልተፈጠረ ይጓዛል።

ተናደድኩ። “ማሽንሽ በአባትሽ ወጥቷል፤ ደህና ነኝ ባይ ነው” አልኳት።

አልሳቀችም። ሽማግሌው ሲሻላቸው ነው ነገሩ የገባት፦ ፊልተሩ ከሌሎቹ ያልተመሳሰለውን ምት እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይጥለዋል። የሚጥለው ደግሞ በሽታውን ራሱን ነው።

ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። የተበላሹ ፎቶ ኮፒዎቼን ጀርባ እየገለበጠች በእርሳስ ማስላት ጀመረች። ትንሿ ኮምፒውተር ክፍልፋይ ቁጥር ስለሚከብዳት ሁሉንም በሙሉ ቁጥር መልሳ ሠራችው። አገር እስኪረጋጋ ተዪው ብላት፣ “የአባኮ ልብ አገር እስኪረጋጋ አይጠብቅም” አለችኝ።

አማካይ ማውጣቱን ተወችው። የመብራቱን ንዝረት ብቻ አውጥታ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተወችው። አሁን መስመሩ ሸካራ ነው፣ ለዓይን አይማርክም። ሕመሙ ሲመለስ ግን የጎደለው ምትና ቀድሞ የዘለለው ምት ቁልጭ ብለው ወጡ። እኔው ነኝ ያተምኩላት።

መንገዱ ሲከፈት ሦስታችንም አዲስ አበባ ሄድን። ዶክተሩ ወረቀቱን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ “እንዴት ነዎት አባት?” አላቸው።

ኦቦ ቀጄላ “ገለታ…” ብለው ጀመሩና ዓይናቸው የልጃቸው ሸካራ መስመር ላይ አረፈ።

“አሞኛል፣ ልጄ” አሉት።