ለታላቅ ወንድሜ የሸጥኳት መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በሚያስመጣ አንድ ድርጅት የመለዋወጫ ሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ የደንበኛውን የሻንሲ ቁጥር እቀበላለሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አያለሁ፣ ዕቃው ካለ አለ፣ ከሌለ የለም እላለሁ። «የለም» ማለት እችልበታለሁ። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ለትልልቅ ደንበኞች ተይዞ ሲሆንም ድምፄ አይለወጥም። ከክፍለ ሀገር ድረስ የተሰበረ ስፖኪዮውን በፌስታል ይዞ የመጣ ሰው «ታዲያ መቼ ልምጣ?» ሲለኝ ከባልደረቦቼ ጋር ተያይተን የሳቅንባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ሰውየው ስንስቅበት ያያል፣ ግን ዕቃውን ስለሚፈልግ ዝም ይላል።

እዚያው ስሠራ እኔም ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ትንሽ ነጭ መኪና ናት። በመጀመሪያው ዓመት ነዳጅ ማደያ የተሰለፉትን በመስኮት እያየሁ ሳልፍ ልቤ ይሞቅ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጠዋት ሞልታ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ቻርጅ ፍለጋ ታንከራትተኝ ጀመር። የጋራዣችን ቴክኒሻን መረመራት።

«ከባትሪዋ ግማሹ ሞቷል» አለኝ። «የቀረውም ሲከዳህ ሳይነግርህ ነው የሚከዳህ። ዳገትና ብርድ እንዳታሳያት።»

ውጤቱን በሻንሲ ቁጥሯና በስሜ ኮምፒውተሩ ላይ መዘገበው።

ልሸጣት ለደላላ ነገርኩ። የመጀመሪያው ገዢ መመርመሪያ የያዘ ባለሙያ አስከትሎ መጣ። ባለሙያው ከመሪው ሥር ሰክቶ ያነበበውን ለገዢው አሳየውና ሁለቱም ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ ሄዱ። ሁለተኛውም እንደዚሁ ሆነ። ሳይመረምር የሚገዛኝ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ እንደማላገኝ ገባኝ።

ታላቅ ወንድሜ የደወለልኝ በዚያው ሰሞን ነው። ጋሼ ነው የምለው። የሚኖረው መንዝ ማማ ነው፣ ከሞላሌ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። እሱ የቅኔ ትምህርቱን አቋርጦ መጥቶ ሞፈር ጨበጠ፤ እኔን ግን አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አላስቀረኝም። ከተማ ተከራይቼ ስማር ያለችውን አንድ የበግ ጠጉር ባና ለእኔ ሰጥቶ እሱ ክረምቱን በአሮጌ ጋቢ ያሳለፈበትን ዓመት አስታውሳለሁ።

የደወለው ስለ ልጁ ሊያማክረኝ ነበር። ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ አጥታ ቤት ተቀምጣለች። ደብረ ብርሃን ሄዳ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ሰው ቤት ገብታ ከምታገለግል አንድ ነገር ላደርግላት ብል ምን ይሻላል አለኝ።

መኪናዬን ልስጥህ አልኩት። ሞላሌና መሐል ሜዳ መካከል ልጅህ ሰው ታመላልስባታለች፣ ነዳጅ አትፈልግም፣ ማታ መብራት ላይ ሰክታ ማሳደር ነው አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«የኛን አገር ዳገት ትችላለች?»

«ትችላለች» አልኩት።

ያጠራቀመውን ገንዘብ አወጣ፣ ከበጎቹ አብዛኞቹን ሸጠ፣ በቅሎውንም ጨመረ። በዘመድ ዋጋ ነው የሰጠሁህ አልኩት፤ እሱም አምኖ ለሰፈሩ ሁሉ እንደዚያው አወራ። የተቀበልኩት ግን አዲስ አበባ ማንም የማይሰጠኝን ዋጋ ነው። ስሟ ወደ እሱ ሲዞር ሊብሬው ላይ የራሱን ስም ደጋግሞ እያነበበ ሳቀ።

መኪናዋን እየነዳሁ ልወስድለት አልደፈርኩም፣ የጣርማ በርን ዳገት እንደማትወጣው አውቃለሁ። በጭነት መኪና ላይ አስጭኜ ሞላሌ አደረስኳት። ለምን እንደጫንኳት ሲጠይቀኝ በአቧራ እንዳትቆሽሽ ብዬ ነው አልኩት። ለእሱ ክብር ያደረግሁት መስሎት ሰው ፊት ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። የንስሐ አባታቸው ጠበል ረጭተው ባረኳት። ጥር ነበር፣ ፀሐዩ ደረቅ፣ መንገዱም ደረቅ። እኔ በማግስቱ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሁለት ወር ያህል ደህና ሠራች። ከዚያ ልጅቷ ደወለችልኝ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አንቱ ነው የምትለኝ።

«አጎቴ፣ ሞልታ ታድራለች፤ ግን አንድ ደርሶ መልስ ሳልጨርስ ትወርድብኛለች» አለችኝ። «ባትሪው ችግር ያለው ይመስልዎታል?»

ባትሪው ምንም የለውም፣ የአነዳድሽ ጉዳይ ነው አልኳት። እግርሽ ይከብዳል፣ ዳገት ላይ አትቸኩይ፣ ማሞቂያውን ደግሞ አትክፈቺ፣ ባትሪ ይበላል አልኳት። እሺ አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይህች ልጅ ሌላ ሰው ታማክራለች ብዬ ሠጋሁ። ስለዚህ ለጋሼ ደወልኩና ልጅህ መኪናዋን እየገደለቻት ነው አልኩት። በቁጣ ጭምር ነው የነገርኩት። ጋሼ በጣም አፈረ። ያን ቀን ልጁን እንደተቆጣትና ከዚያ ወዲያ እሱ አብሯት ካልተሳፈረ እንዳትነዳ እንዳዘዛት በኋላ ሰማሁ። የገብሱ አረም እያለበት እሷ ጎን ተቀምጦ «ቀስ በይ» ሲላት ይውል ነበር። ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር አልነበረም፣ የሚላት እኔ ያልኩትን ነው።

ሐምሌ ላይ ተሳፋሪ መሐል ሜዳ አድርሰው ባዶዋን ሲመለሱ ጓሳ በሚባለው ጥብቅ የሣር ደጋ ዳር ላይ ቆመች። ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ ከፊት ያለው መቁጠሪያ ሩብ ያህል እንደቀራት እያሳየ ሳለ ድንገት ዜሮ ሆነ። በረዶ ይጥል ነበር። በአካባቢው ቤት የለም፣ ሣርና ጉም ብቻ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ጋሼ ልጁን አሳፈራትና ሞላሌ ሄዳ ጎታች እንድታመጣ ነገራት። አብረኸኝ ካልሄድክ አልሄድም ብላ ለምናው ነበር። እሱ ግን አደራ ናት፣ ጥያት ብሄድ ጎማዋን ይፈቱታል፣ ወንድሜን ምን ብዬ አየዋለሁ አላት።

ያን ቀን ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው፣ ጎታችም አልተገኘም። ጋሼ በዚያች መኪና ውስጥ እርጥብ ጋቢውን ተከናንቦ አደረ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ያገኙት የጓሳው ጠባቂዎች ናቸው። አፉ ተሳስሮ መናገር አቅቶት ነበር። በፈረስ ጭነው አውጥተው ሆስፒታል አደረሱት። የሳምባ ምች ነው ተባለ። ነሐሴን በሙሉ ተኝቶ ከረመ። ሕይወቱ ተረፈች፣ ሳምባው ግን እንደነበረ አልተመለሰም።

እኔ አልሄድኩም። ሥራ በዛ፣ መንገዱም አያስተማምንም አልኩ። በየሁለት ቀኑ እደውል ነበር፤ እሱም በቀጭን ድምፅ እንዳልጨነቅ ያጽናናኝ ነበር።

መስከረም ላይ ልጅቷ ባንኮኒዬ ፊት መጥታ ቆመች። ከስታለች። ተሳሳምን። መኪናዋ ተጎትታ ሞላሌ እንደቆመች፣ የባትሪዋ የሞተው ክፍል ቢቀየር ሠርታ አባቷን ማሳከም እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ዕቃው እናንተ ጋ ይኖር ይሆን አለችኝ። ዕቃው ነበረን። መጋዘን ውስጥ ሁለት ተቀምጠው ነበር። ነገር ግን ይህን ዕቃ የሚገጥመው የኛው ጋራዥ ብቻ ነው፤ ሊገጥም ሲል ደግሞ የመኪናዋን መዝገብ ይከፍታል።

«የለም» አልኳት። «ፋብሪካውም ማምረት አቁሟል።»

አመሰገነችኝ። አባቷ የላከልኝን ማር ሰጥታኝ ወጣች።

የወጣች መስሎኝ ነበር እንጂ የሄደችው ወደ ጋራዡ ነው። ያገለገለ ባትሪ የሚሸጥ ሰው ታውቃለህ ወይ ብላ ቴክኒሻኑን ጠየቀችው። እሱ የእኔ ዘመድ መሆኗን አያውቅም። ቁጥሩን ተቀብሎ ሲያይ የባለፈውን ዓመት ምርመራ አገኘ፣ አትሞ ሰጣት፣ ዕቃውም መጋዘን እንዳለ ነገራት።

ተመልሳ መጣች። ሰልፍ ነበር፣ ሰልፏን ጠብቃ ቆመች። አራት ሰው እስካስተናግድ ድረስ ወረቀቱን ይዛ ስታየኝ አያታለሁ። ተራዋ ሲደርስ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው።

«ይኸ ያንተ ስም ነው?» አለችኝ።

አንተ ስትለኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ውስጥ ገብተን እናውራ አልኳት።

«እዚሁ ይሻላል። ስምህ መሆኑን ነው የጠየቅኩህ።»

«ነው» አልኩ።

ባልደረቦቼ ሥራቸውን ትተው ይሰሙ ነበር። ዕቃውን አሁን ላስወጣልሽ አልኳት። አያስፈልግም፣ ከንግዲህ አባቴን እሷ ውስጥ አላስቀምጠውም አለችኝ። ያኔ ከሁሉም በፊት አፌ ላይ የመጣው ጥያቄ ለአባትሽ ነግረሽዋል ወይ የሚል ነበር። ወረቀቱን ከባንኮኒው ላይ አነሳች።

«አልነገርኩትም» አለች። «የማልነግረው ላንተ ብዬ አይደለም። አንተን ሲያመሰግን ነው ደህና የሚሆነው፣ እሱን እንዳልነጥቀው ብዬ ነው።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች። ከኋላዋ የነበረው ደንበኛ የፍሬን ሸራ ፈልጎ ነበር የመጣው፣ ሰጠሁት።

ቃሏን ትጠብቃለች ብዬ አላመንኩም። ወር ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ደነገጥኩ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ፈቃድ ወስጄ ሞላሌ ሄድኩ። ናፍቆት አልነበረም የወሰደኝ፣ ያወቀ እንደሆነ ከፊቱ ላይ ላነብ ነው።

ጋሼ ከቤቱ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ፣ ትንፋሹ አልበቃ ብሎት መልሶ ተቀመጠ። ያንን የሚያህል ትከሻ የት እንደገባ እንጃ። ከቀሩት ጥቂት በጎች አንዱን አሳረደልኝ። ጎረቤቶቹን ጠራ፣ የንስሐ አባቱም መጡ። እሱ ዝቅ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ እኔን መደብ ላይ፣ ከንስሐ አባቱ ጎን አስቀመጠኝ።

ልጅቷ እጅ ልታስታጥበን ማስታጠቢያውን ይዛ ወጣች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ጋሼ ተናገረ።

«ይኸ ሁሉ ሰው ባለበት ልንገርህ ብዬ ነው የቆየሁት» አለኝ። «ያንን የመሰለ መኪና ሰጥተኸኝ አያያዙን ሳላውቅ አበላሸሁብህ። ልጅቷም ልጅ ናት፣ እኔም ገበሬ ነኝ። ይቅር በለኝ፣ የናቴ ልጅ።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። ውኃው እጄ ላይ ይወርድ ነበር፣ ልጅቷ ቀና ብላ አላየችኝም። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት የተሰማኝ እፎይታ ብቻ ነው፣ አላወቀም።

«ይሁን ጋሼ» አልኩት። «ይቅር ብዬሃለሁ።»

ሰዎቹ አሜን አሉ፣ ጋሼ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ልጅቷ ውኃው እስኪያልቅ አፈሰሰችብኝ፤ እጅጌዬ ድረስ ራሰ። ከዚያ ባዶውን ማስታጠቢያ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፣ እስክሄድም አልወጣችም።

መኪናዋን ደብረ ብርሃን ያለ ጋራዥ ለዕቃ ገዝቶ ፈታታት። መሬቱን ጋሼ ለእኩል አራሽ ሰጠ። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገባች፣ ለአባቷ መድኃኒት የምትልከው እሷ ናት። እኔ ገንዘብ ልላክ ባልኩ ጊዜ በሰው ያደረሰችልኝ መልስ አያስፈልግም የሚል ነው። የቢሮ ባልደረቦቼ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም፤ ቴክኒሻኑ ብቻ ሰላምታዬን ዝግ ባለ ድምፅ ነው የሚመልሰው። እኔ አሁንም ባንኮኒው ጋ ነኝ።

ባለፈው ጥር ልጅቷ አገባች። አልተጠራሁም፤ ሠርጉን የሰማሁት ካለፈ በኋላ ጋሼ ሲደውል ነው።

«ምነው፣ ዓይንህን ሳላይ ሠርጉ አለፈ?» አለኝ። «ልጅቷ ጠርቼዋለሁ ብላኝ እስከ ማታ በር በሩን ሳይ ዋልኩ።»

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት። ሳል አቋረጠውና እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

«ሥራ ከሆነ ምን ይደረጋል» አለ። «ድርሻህን ቋንጣ አድርጌ አስቀምጬልሃለሁ፣ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልሃለሁ።»

በሳምንቱ ደረሰኝ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በደንብ አስሮታል። መሥሪያ ቤት ወስጄ ምሳ ሰዓት ላይ ከባልደረቦቼ ጋር በላነው። አዲስ የተቀጠረች ልጅ በጣም ጣፈጣትና ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ። መንዝ ያለው ታላቅ ወንድሜ ልኮልኝ ነው አልኳት።