ሩኩዕ የወረደው ፎቅ

ትናንት ቀትር ላይ፣ እዚህ ዓረብ አገር ባጥሐ ሰፈር፣ መኪናዬ በር ላይ ቆሜ «በቃ፣ አገር ቤት መግባቴ ቀረ» ብያለሁ።

እኔ የቤት ሹፌር ነኝ። ከፊሌ፣ ማለት አሠሪዬ፣ አርክቴክት ነው። ሰውየው ድሮ በኮምፒውተር ነድፎ በማሽን ያተመው የፕላስቲክ ፎቅ አለው፣ ቁመቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እውነተኛው ፎቅ እስከዛሬ አልተሠራም! ፕላስቲኩ ግን «ቅርስ ነው» ተባለና ሙዚየም ፈለገው።

«ሙቀት እንዳይነካው። በሰላም ካደረስከው የዕረፍት ወረቀትህን አወጣልሃለሁ» አለኝ። እናቴን ካየኋት አራት ዓመት አልፎኛል... ወንበር ላይ በቀበቶ አስሬ፣ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቅኩ ወጣሁ።

ባጥሐ ስደርስ የዙሁር አዛን አለ። እንደ ልማዴ ሞተር አጥፍቼ ቁልፌን ይዤ መስጊድ ገባሁ። ስመለስ... ያ ረቢ! ፎቁ አጎንብሶ ሩኩዕ ወርዷል!

አቅፌው ጎን ወዳለው ሱቅ በረርኩ። ሻጩ ሰዒድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው።

«ወንድሜ፣ ቀለጠብኝ፣ ድረስልኝ!»

«ያላ፣ አይስክሬሙ ፍሪዘር ውስጥ ክተተው!»

ከተትነው። ለካ መጀመሪያ ማቃናት ነበረብን! እንደጎበጠ ድርቅ አለ። ሰዒድ አገላብጦ አየውና «ኸላስ፣ ከእንግዲህ አይቀልጥም» አይለኝም?!

ሙዚየሙ ጋ ከፊሌ ከእንግዶች ጋር እየጠበቀኝ ነው። የሸፈንኩበትን ጨርቅ ገለጥኩ... ዓይኔን ጨፈንኩ። ነጭ ጓንት ያጠለቀችው ባለሙያ ዙሪያውን ዞራ አየችው።

«ማሻአላህ! ይሄን መጉበጥ በዚያን ጊዜ እንዴት አሰቡት?» አለችው።

ከፊሌ ፎቁን አየ። እኔን አየኝ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የበረሃውን ነፋስ እያሰብኩ ነው የነደፍኩት» አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ!

ባለሙያዋ «ቅርጹ እንዳይለወጥ» ብላ መስታወት ውስጥ አስገባችው፣ ኤሲም ከፈተችለት። እኔን ግን ላብ አጥምቆኛል።

 ወደ ቤት ስንመለስ ከፊሌ «ወረቀትህ ነገ ይወጣልሃል። እናትህን ሰላም በልልኝ... ይሄን ነገር ለማንም እንዳትናገር» አለኝ።

እሺ ብያለሁ። እናንተም ሼር እንዳታደርጉብኝ... ቢያንስ አውሮፕላኑ እስኪነሳ!