ኮንሰርቴ ማንጎ ዛፍ ሥር ሆነ

ዛሬ ከሰዓት አዲስ አበባ መድረክ ላይ መገኘት ሲገባኝ፣ ሸዋ ሮቢት ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን እጫወታለሁ። ተወልጄ ባደግኩባት በሸዋ ሮቢት ደግሞ እየተመላለስኩ አስተምራለሁ። ትናንት አስተምሬ ዛሬ ማለዳ ልመለስ ስል፣ ደብረ ሲና ዳገት ላይ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ።

ለዓመታት የጠበቅኩትን፣ በዛሬው ኮንሰርት ብቻዬን የምጫወትበትን ክፍል ለባልደረባዬ ሰጧት። (ጎበዝ ናት። ብቻ እንዳትነግሯት።)

የተማሪዬ የዘይነብ እናት፣ እትዬ ሞሚና፣ ሳለቅስ አይተውኝ መጡ።

"ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?"

"ዛሬ ሰው ፊት የምጫወትበት ቀን ነበር፣ እትዬ።"

"ታዲያ እኛ ሰው አይደለንም?"

ሳላስበው ሳቄ መጣ። ቫዮሊኔን አወጣሁ። ሙቀቱ ክሮቹን እያላላ አስቸገረኝ፤ መቃኘት ይዤ ሳለሁ ጎረቤቱ በርጩማውን እየያዘ ተሰበሰበ።

ለመድረኩ ያዘጋጀሁትን ሙዚቃ መጫወት ጀመርኩ። መሃል ላይ ስደርስ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። አቆምኩ። ሰዉም ተነስቶ ሄደ። በቃ፣ እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ቫዮሊኔን ሳጥኑ ውስጥ መለስኩ።

እትዬ ሞሚና ሰግደው ሲመለሱ ሳጥኑ ተዘግቶ አዩና ተቆጡ።

"ምን ነካሽ? መሃል ላይ እኮ ነው ያቆምሽው! ጨርሺው እንጂ፣ ልቤን አንጠልጥለሽ ልትተዪኝ ነው?"

ያን ሙዚቃ ከዛሬ በፊት ሰምተውት አያውቁም። ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩላቸው። ሁለት ቦታ ስቻለሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም።

እናንተስ፣ ያሰባችሁት ቀርቶ ባላሰባችሁት ቦታ የተከበራችሁበት ቀን አለ? እስኪ አጫውቱኝ።