ከሰማይ የማይታየው ቤት

ይህ የደረሰው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሐርጌሳ ከመጀመሪያው ጦርነት ገና ሳታገግም በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል እንደገና ተኩስ በተከፈተበት ሰሞን ነው። ዛሬም ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ሰላም ሆነ ሲባል አባቴ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሐርጌሳ መለሰን። እኔም እንግሊዝኛ ስለምሞካክር ለአንድ የውጭ አገር የካርታ ባለሙያ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሥራው ከሳተላይት የተነሡ ሁለት ፎቶዎችን ማወዳደር ነበር፤ አንዱ ከጦርነቱ በፊት፣ ሌላው በቅርብ የተነሣ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከላይ ሲታይ ስለሚያበራ፣ ባለሙያው ካበራ ሰው ይኖርበታል ይላል። ካላበራ ባዶ መሬት ነው ብሎ ቡናማ ይቀባዋል። ተፈናቃይ በዝቶ ስለነበር ቡናማው ላይ የእርዳታ እህል መጋዘን ሊሠራ ታስቧል።

አንድ ቀን ካርታውን ሳይ፣ የአባቴ እህት ሰህራ የምትኖርበት መንደር፣ ዛሬ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር በኩል ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኗል።

“እዚህ እኮ ሰው አለ” አልኩት።

“ፎቶው ላይ የለም” አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ጦርነት ከተማዋን የደበደቧት አውሮፕላኖች ከራሷ ማረፊያ እየተነሡ ነበር። አክስቴና ጎረቤቶቿ ከስደት ሲመለሱ የቤታቸው ጣሪያ ተዘርፎ ግድግዳው ብቻ ጠበቃቸው። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ ቢያገኙ እንኳ አልመቱም። የሚያብረቀርቅ ነገር ቦምብ ይጠራል ብለው ጆንያና ሸራ ወጠሩ፣ ላዩንም በጭቃ ለቀለቁት። ነጭ ልብስ ደጅ ማስጣት እንኳ በመንደሩ ያጣላ ነበር።

ሰውዬውን ይዤው ሄድኩ። አጎንብሶ ገባ። አክስቴ ምንጣፍ አነጠፈችለት፣ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ሰጠችው። የጭቃውን ጣሪያ አይቶ በጣም ተገረመ፤ ብልሃታችሁ ግሩም ነው አለ። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ፣ ቆርቆሮ ብትመታ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ቤቷ ሊታይ እንደሚችል ንገራት አለኝ። ነገርኳት።

“መቼ ነው የሚያነሡን?” አለች። “ቀኑን ይንገረኝና ያን ዕለት ብቻ ነጭ አንሶላ ላንጥፍበት።”

ሰውዬው ቀኑ አይታወቅም አለ።

“ሱብሃነላህ። እነዚያ ቦምብ የጣሉብንም ቀኑን አልነገሩንም ነበር።”

ይህንን ስተረጉምለት አንገቱን ደፋ። እኔም ሞኙ ነገሩ ገብቶታል፣ ካርታውን ያርመዋል ብዬ ደስ አለኝ። ቢሮ ስንመለስ ግን፣ የከተማው ካርታ በሙሉ በአንድ ዘዴ ነው የተሠራው፣ ለአንድ መንደር ብዬ ብለውጥ ሥራዬን ማን ያምነዋል አለኝ። ካርታውን እንዳለ አስረከበ።

ብዙ ሳይቆይ መጋዘን ሠሪዎቹ መጥተው በአክስቴ ግቢ መሃል ችካል ተከሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሊከራከሩ ሄዱ። የሚኖሩበትን ቤት በጣታቸው እያሳዩ ሳሉ፣ እዚህ ቦታ ሰው እንደሌለ ከካርታው ተነበበላቸው። ከቦምብ ሸሽታ የተመለሰችው ሴትዮ፣ አሁን ካርታ አስለቅቋት ድስቷን ተሸክማ እኛ ቤት ገባች። ዳግመኛ የራሷን በር ሳትከፍት፣ እንግዳ እንደሆነች እኛው ጋ አረፈች፤ አላህ ይማራት።

አሁን አሁን ወጣቶቹ ከተማዋን ከላይ በስልካቸው እያሳዩኝ፣ አየህ፣ ምንም የሚደበቅ ነገር የለም ይሉኛል። እነሱ ምን ያድርጉ፣ እኔ ነኝ የምናደደው። ፎቶውንስ ይቅር ብያለሁ፤ ፎቶ የሚያየውን ነው የሚያየው። ያ ሰው ግን ምንጣፏ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ሻይዋን ጠጥቶ፣ ቢሮው ገብቶ የለችም ብሎ ፈረመ። እሱን ይቅር ማለት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።