እንግዶቹ ያዩት ቤት

ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤቴ አስካለ የእድሩን ወንበሮች ልትበደር መጣች። እዚህ አምቦ የሰፈራችን እድር ዕቃ ያዥ እኔ ነኝ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ከወገቤ አይለይም።

«ለቅሶ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ደስታ ነው ኦቦ ደበላ! የእርዳታ ድርጅት ሰዎች ለልጄ ኮሌጅ ሊከፍሉላት ነው። ነገ ቤታችንን ሊያዩ ይመጣሉ።»

ቁልፉን አልሰጥሽም አልኳት።

«የእርስዎ ልጅ ስላልተማረች የእኔም ትቅር ነው?» ብላኝ ሄደች።

ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስሜን ለመጻፍ ያህል ነው፤ የልጄን የጫልቱን ነገር ግን ሌላ ሰው አይነግርልኝም።

ከዓመታት በፊት ጫልቱ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ነጥቧ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ጎደለው። ነርስ ካልሆንኩ አለች። የግል ኮሌጅ ደግሞ በእኔ የእህል መጋዘን ዘበኛ ደሞዝ የሚሞከር አይደለም። ያን ክረምት እርዳታ ፍለጋ ያላንኳኳችው በር የለም። ጊንጪ ሄደች፣ ጌዶ ሄደች፤ ምሳዋ መንገድ ላይ የሚሸጥ የተቀቀለ በቆሎ ነበር፤ ማታ ጭቃው እግሯ ላይ ደርቆ ትመለሳለች። በመጨረሻ አንድ የእርዳታ ድርጅት «የቤታችሁን ኑሮ አይተን እንወስናለን» አላት።

እኔ የሰማሁት እንግዳ ይመጣል የሚለውን ብቻ ነው። እንግዳ ባዶ ቤት ይገባል እንዴ? ከእድሩ መጋዘን አዲሶቹን ወንበሮች፣ ምንጣፉንና ብርጭቆዎቹን አወጣሁ። የተላጠውን ግድግዳ በመጋረጃ ሸፈንኩ። ለመስቀል ያሰብኩትን በግ አረድኩ። ባለቤቴ ጭኮውን በቅቤ አራሰችው፤ የገብሱና የቅቤው ሽታ ሰፈሩን ሞላው።

ጫልቱ በር ላይ ቆማ «አባባ፣ እነሱ እኮ የሚመጡት ድህነታችንን ሊያዩ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ድህነታችንን በሳህን እናቅርብላቸው?» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም።

አንዲት ሴትና አንድ ወጣት መጡ። በልተው መረቁን። ከዚያ ሴትዮዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «አባቴ፣ ለኑሯችሁ የሚጎድላችሁ ምንድን ነው?» አለችኝ። ምግብ ቀርቦ፣ በእንግዳ ፊት፣ ይህ ይጠየቃል?

«ተመስገን! ምንም የጎደለን ነገር የለም» አልኩ።

ጻፈችው።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ጫልቱ ቆማ አነበበችው፤ ቤተሰቡ የመክፈል አቅም አለው ይላል።

«ውሸታሞች!» ብዬ ጮኽኩ።

«አልዋሹም አባባ። ያዩትን ነው የጻፉት።»

እስከ ዓርብ ቅሬታ ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ወላጅ ቀርቦ ማስረዳት አለበት። «አብረን እንሂድ፤ ዕቃው የእድር ነው በላቸው፤ ሌላ ምንም አትበል» ብላ ለመነችኝ።

«ያጎረስኳቸው ሰዎች ፊት ቆሜ የለኝም አልልም» አልኩ።

ዓርብ ብቻዋን ሄደች። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ መጥረቢያ ስስል ዋልኩ፤ የተሳለውን መልሼ እየሳልኩ። ስትመለስ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባች።

ነርስ አልሆነችም። ዛሬ ጌዶ ከባሏ ጋር የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ አልተራቡም። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «ድርጅቱ አዳልቶባት ነው» ስል ኖርኩ። እሷ ባለችበትም ብያለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላጋለጠችኝም፤ ሻይዬን ትቀዳልኛለች።

ረቡዕ ጠዋት፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ፣ አስካለ ቤት ሄድኩ። ፊቷን አዞረችብኝ።

«ልጄን ያስቀራት ድርጅቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኳት፤ የሆነውንም ሁሉ ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

«ይህን ለጫልቱ ነግረዋታል?» አለችኝ።

ያኔ የለኝም ማለት ነበር የከበደኝ። ዛሬ አጠፋሁ ማለት ከዚያም ይብሳል። ጫልቱ እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ እናወራለን። ይህ በስልክ የሚባል ነገር አይደለም እያልኩ እዘጋለሁ። ጌዶም እኮ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት የተሳፈረ ከቀትር በፊት ይደርሳል። እስካሁን ግን አልተሳፈርኩም።